ስለ ሕንድ ክሪኬተሮች ስትጽፉ፦ ለየትኛው ቡድን? በየትኛው መሬት?

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል
ባሕር ዳር

የስፖርት ገጻችሁ ከእግር ኳስ ወጣ ብሎ ስለ ሕንድ ክሪኬት መጻፍ መጀመሩ ደስ ያሰኛል። ሕንዳውያን መምህራን በዩኒቨርሲቲው ግቢዎች ለዓመታት ባስተማሩበት ከተማ ይህ ዓይነቱ ጽሑፍ አንባቢ አያጣም። ቅሬታዬ ሌላ ነው። በተከታታይ ባወጣችኋቸው የተጫዋቾች መግለጫዎች ውስጥ አንድ ዓይነት ዓረፍተ ነገር ይመላለሳል፦ ለክልሉ ብዙ ዓመት ቢጫወትም ለብሔራዊ ቡድን ስላልተመረጠ ስሙ ሳይገን ቀረ። ከዚያ ቁጥር ይደረደራል፤ ይህን ያህል ራን (መቺ የሚያገኘው ነጥብ)፣ ይህን ያህል ዊኬት (ከጨዋታ የወጣ መቺ)። ለየትኛው ቡድን፣ በየትኛው ምድብ፣ በምን ዓይነት መሬት ላይ፣ ቦታውንስ ማን ይዞበት እንደነበር አይነገረንም። እነዚህ ከሌሉ ቁጥሩ ብቻውን ምንም አይልም፤ አንዳንዴም ያሳስታል።

ከታች የምጠቅሳቸው ዓመቶች በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው። ውድድሩ ከጥቅምት ግድም ተጀምሮ እስከ የካቲት መጨረሻ ስለሚዘልቅ አንዱ የውድድር ዘመን በሁለት ዓመት ይጻፋል።

የክልል ቡድኖቹ የሚገናኙበት ውድድር የራንጂ ዋንጫ ይባላል። በ1934-35 ተጀመረ። የተሰየመው በራንጂትሲንህጂ ነው፤ የናዋናጋር ገዥ የነበረ፣ በ1896 ለእንግሊዝ ተሰልፎ በመጀመሪያ ጨዋታው አውስትራሊያ ላይ ሳይወጣ (ወርዋሪዎቹ ሳያስወጡት) 154 ራን የመታ ሰው። ለሕንድ ግን አንድም ቀን አልተጫወተም፤ ሕንድ የመጀመሪያውን ቴስት (አገሮች የሚገናኙበትን የብዙ ቀን ጨዋታ) ያደረገችው በ1932 ነውና። በእናንተ መስፈርት ከሄድን እንግዲህ ዋንጫው የተሰየመለት ሰው ራሱ ስሙ ሳይገን የቀረ ሊባል ነው።

ቡድኖቹ ዛሬ 38 ናቸው። የሕንድን ክልሎች ካርታ ዘርግቶ የሚቆጥር ግን ይሳሳታል። ማሃራሽትራ ክልል ብቻውን ሦስት ቡድን አለው፦ ሙምባይ፣ ማሃራሽትራ እና ናግፑርን የያዘው ቪዳርባ። ጉጅራትም ሦስት አለው፦ ጉጅራት፣ ባሮዳና ሳውራሽትራ። የምድር ባቡሩና የጦር ኃይሉም የየራሳቸው ቡድን አላቸው። የአማራ ክልል ባሕር ዳር ከተማንና ፋሲል ከነማን እንደሚያሰልፍ ለሚያውቅ አንባቢ ይህ እንግዳ ነገር አይሆንበትም። ልዩነቱ የሕንዶቹ ቡድኖች ክለብ አለመሆናቸው ነው፤ እያንዳንዱን የሚያስተዳድረው የአካባቢው የክሪኬት ማኅበር ሲሆን፣ ድንበሩም አንዳንዴ የድሮ መሳፍንት ግዛትን ይከተላል። ባሮዳ የጋይክዋድ መሳፍንት ግዛት ነበረች። በ1936-37 ዋንጫውን የወሰደችው ናዋናጋር ዛሬ በሳውራሽትራ ሥር ናት። ከኢንዶር የተነሣው ሆልካር አራት ጊዜ ዋንጫ ከወሰደ በኋላ ከስሞ፣ አገሩ ዛሬ በማድያ ፕራዴሽ ቡድን ይወከላል፤ ማድያ ፕራዴሽ በዚህ ስሙ የመጀመሪያ ዋንጫውን ያነሣው በ2021-22 ነው።

ስለዚህ «የጉጅራት ተጫዋቾች» ብላችሁ ቼቴሽዋር ፑጃራን፣ ሃርዲክ ፓንድያንና ጃስፕሪት ቡምራን አንድ ላይ ስትደረድሩ ሦስት የተለያዩ ቡድኖችን አንድ አድርጋችኋል። ፑጃራ የሳውራሽትራ ነው፤ ፓንድያ የባሮዳ፤ ከሦስቱ የጉጅራት ቡድን ተጫዋች ቡምራ ብቻ ነው። እዚያው ዓረፍተ ነገር ላይ ቡምራን «ለሙምባይም የተጫወተ» ማለታችሁ ደግሞ ሌላ ስሕተት ነው። ሙምባይ ኢንዲያንስ በ2008 የተጀመረው የአይፒኤል (የሕንድ የክለቦች ሊግ) ክለብ ነው፤ ተጫዋች በጨረታ ይገዛል፣ ጨዋታውም በእያንዳንዱ ወገን በ20 ኦቨር (አንዱ ኦቨር ስድስት ውርወራ ነው) ያልቃል። የራንጂው ሙምባይ 42 ጊዜ ዋንጫ የወሰደው፣ ከ1958-59 እስከ 1972-73 ድረስ 15 ዓመት በተከታታይ ያልተነካው ቡድን ነው። የጋራቸው የከተማዋ ስም ብቻ ነው።

ከክልል ቡድኑ ከፍ ብሎ ደግሞ ዞን አለ። ሰሜን፣ ደቡብ፣ ምሥራቅ፣ ምዕራብና ማዕከላዊ ዞኖች ከየክልሉ ምርጦቻቸውን አውጥተው ከ1961-62 ጀምሮ በዱሊፕ ዋንጫ ይገናኛሉ፤ ሰሜን ምሥራቅ በ2022 ተጨምሯል። የ2025ቱን ዋንጫ በራጃት ፓቲዳር አምበልነት የወሰደው ማዕከላዊ ዞን ነው። ተጫዋቹ ለዞን ከተሰለፈ ጻፉት፤ ከክልሉ ባሻገር ያሉ መራጮች አይተውት ነበር ማለት ነውና።

አሁን ወደ ዋናው የስሕተት ምንጭ ልግባ፤ እሱም በአቻ የሚያልቅ ጨዋታ ነው። የራንጂ የምድብ ጨዋታ አራት ቀን ይፈጃል። እያንዳንዱ ቡድን ሁለት ሁለት ጊዜ ይመታል፤ በአራቱ ቀን ውስጥ ተጋጣሚን ሁለቴ ጠራርጎ ማስወጣት ካልተቻለ ጨዋታው በአቻ ያልቃል። ነጥቡ ግን እኩል አይከፈልም። በመጀመሪያው ዙር ምት ብልጫ የያዘው 3 ነጥብ፣ የተበለጠው 1 ነጥብ ያገኛል። ያሸነፈ 6 ያገኛል፤ በአንድ ሙሉ ኢኒንግ (ሁለተኛ መምታት ሳያስፈልገው፣ በአንድ የምት ዙር ብቻ) ወይም በ10 ዊኬት (በሁለተኛው ዙር አንድም መቺ ሳይወጣበት) ካሸነፈ 7። በጥሎ ማለፉ ደግሞ ነገሩ ይብሳል፦ ጨዋታው በአቻ ካለቀ በመጀመሪያው ዙር በአንድ ራን እንኳ የበለጠው ያልፋል።

በአንድ ራን ስል ማጋነኔ አይደለም። በ2024-25 ሩብ ፍጻሜ ፑኔ ላይ ጃሙና ካሽሚር 280 መታ። ኬራላ የመጨረሻው ዊኬት ላይ ደርሶ ገና በ80 ይበለጥ ነበር። ሳልማን ኒዛር ከመጨረሻው መቺ ከባሲል ታምፒ ጋር 81 ጨመረና ኬራላ 281 ላይ ወጣ። ቀሪው ሥራ አለመውጣት ብቻ ሆነ፤ የመጨረሻውን ቀን ታግሰው መትተው በአቻ ጨረሱና አለፉ። ግማሽ ፍጻሜው አሕመዳባድ ላይ ከጉጅራት ጋር ነበር። ኬራላ 457 መታ፤ ከዚህ ውስጥ ሳይወጣ 177 የመታው ሞሐመድ አዝሃሩዲን ነው (የቀድሞው የሕንድ አምበል አይደለም፤ ሞክሼው ነው፤ እናንተ ግን የአምበሉን ፎቶ አውጥታችኋል)። ጉጅራት በመጨረሻው ቀን 455 ደረሰ፤ እጁ ላይ የቀረው አንድ ዊኬት ነው። ሦስት ራን ቢያገኝ የፍጻሜው ተጋጣሚ እሱ ነበር። የጉጅራቱ አርዛን ናግዋስዋላ ኳሷን በሙሉ ኃይሉ ሲመታት ከአፍንጫው ሥር ቆሞ በነበረው በኒዛር ሄልሜት ላይ አርፋ ወደ ላይ ነጠረች፤ ከመቺው ኋላ በጎን፣ ስሊፕ በሚባለው ቦታ የቆመው የኬራላ አምበል ሳቺን ቤቢ መሬት ሳትነካ ቀለባት። ወጣ። በሁለት ራን ኬራላ በታሪኩ ለመጀመሪያ ጊዜ ለፍጻሜ በቃ። እስከ 2017 በነበረው ሕግ ቢሆን ኖሮ ከተከላካይ ሄልሜት ነጥራ የተያዘች ኳስ መቺውን አታስወጣም ነበር፤ ሕጉ የተለወጠው በዚያ ዓመት ነው።

እናንተ ይህን «ኬራላ ሁለቱንም ጨዋታ ማሸነፍ ሳይችል በዕድል ለፍጻሜ ደረሰ» ብላችሁ አለፋችሁት። ዕድል አልነበረም ለማለት አይደለም፤ ሄልሜቱን ማንም አላሰበውም። 81 ራን በመጨረሻ ዊኬት መጨመር፣ ከዚያም ሳይወጡ ቆሞ ቀኑን ማስመሸት ግን ክልል ቡድን ውስጥ ብቻ የሚጠና ሙያ ነው። የ20 ኦቨር ክሪኬት አያስተምረውም። ፍጻሜውም በዚሁ መንገድ ተወሰነ፦ ናግፑር ላይ ቪዳርባ 379፣ ኬራላ 342፤ ጨዋታው በአቻ አለቀ፣ በ37 ራን ብልጫ ዋንጫው የቪዳርባ ሆነ።

በዚያ ፍጻሜ ከነበሩት ተጫዋቾች ውስጥ ሁለቱ ሌላ ነገር ያሳያሉ። ናግዋስዋላን ያስወጣው የኬራላ ግራ እጅ ስፒን (ኳሷን የሚያሽከረክር) ወርዋሪ አዲትያ ሳርዋቴ ያደገውም ዋንጫ የወሰደውም በቪዳርባ ነው፤ ፍጻሜውን የተጫወተው በቀድሞ ቡድኑ ላይ ነበር። ለቪዳርባ 86 እና 135 የመታው ካሩን ናይር ደግሞ የካርናታካ ልጅ ነው። አንድ ክልል ከውጭ ተጫዋች ማስመጣት ይችላል፤ ቁጥሩ ግን የተወሰነ ነው፣ ከቀድሞው ማኅበርም የመልቀቂያ ደብዳቤ ያስፈልጋል። ናይር በ2016 ቼናይ ላይ እንግሊዝን ሳይወጣ 303 መትቶ ብዙም ሳይቆይ ከብሔራዊ ቡድኑ የወጣ፣ በክልሉም ቦታ ያጣ ሰው ነው። ቪዳርባ ላይ በዚያ የውድድር ዘመን 863 ራን ሰበሰበና በ2025 ወደ ሕንድ ቴስት ቡድን ተመለሰ። «የካርናታካው ናይር» ብቻ ብሎ የሚጽፍ ሰው የተመለሰበትን መንገድ አንባቢው እንዳያየው ያደርጋል።

መሬቱን በተመለከተ የላይኛው የጣና ዳርቻ አንባቢ ከማንም በላይ ይገባዋል። ከፎገራ ሜዳ አንድ ጭብጥ ዋልካ አንሡ። ርጥብ ሲሆን ከእጅ አይላቀቅም፤ ሲደርቅ ድንጋይ ይሆናል፤ በበጋ እግር የሚያስገባ ስንጥቅ ያወጣል። ዋልካ ላይ ቤት የሠራ ሰው አፈሩን አስወጥቶ ሰሌክት የሚሞላው ወዶ አይደለም። ናግፑር ያለው ጥቁር አፈር የዚሁ ዘመድ ነው፤ የክሪኬት ሜዳ ሠራተኛ ግን አፈሩን አያወጣውም፣ እዚያው ላይ ይሠራል። ኳስ የምትነጥርበት መሬት 20.12 ሜትር ርዝመትና 3.05 ሜትር ስፋት አለው። ውኃ ይጠጣል፤ ከዚያ በአውራ ጣት ሲጫኑት ምልክት የሚይዝ ግን የማይጣበቅ እስኪሆን ይጠበቃል፤ ያኔ በከባድ ብረት ሮለር ይዳመጣል። ቀድሞ የተዳመጠ እንደሆነ አፈሩ ከሮለሩ ጋር ተጣብቆ ይነሣና ገጹ ይበላሻል። ዘግይቶ የተዳመጠ እንደሆነ ከላይ ይጠነክራል እንጂ ውስጡ አይያያዝም፤ በሁለተኛው ቀን ዱቄት ይሆናል።

ጥቁሩ አፈር ርጥበት ይዞ ስለሚቆይ ኳሷ ከነጠረች በኋላ ዘግየትና ዝቅ ብላ ትመጣለች። ታግሶ፣ ኳሷን ዓይኑ ሥር ድረስ አስጠግቶ የሚመታ ሰው ቀኑን ሙሉ ይቆምበታል፤ ፈጣን ወርዋሪ ይደክምበታል። ቀይ አፈር፣ ሙምባይ ዋንኬዴ ሜዳ እንዳለው፣ ቶሎ ይደርቃል፤ ኳሷ ከፍ ብላ ትነጥራለች፣ ገጹም ቀድሞ ስለሚፈረካከስ ለስፒን ወርዋሪ ይመቻል። ሃርያና ውስጥ ላህሊ የሚባለው ሜዳ ደግሞ ከሥሩ ውኃው ቅርብ ነው፤ ጠዋት ላይ ፈጣን ወርዋሪው ኳሷን በስፌቷ አቁሞ ሲለቃት ወዴት እንደምትሄድ አይታወቅም። ሳቺን ቴንዱልካር የመጨረሻ የራንጂ ጨዋታውን በ2013 ያደረገው እዚያ ነው፤ ሙምባይን ለድል ያበቃውን 79 ሳይወጣ መታ። እንዲህ ባለ መሬት ላይ 79 በሌላ ቦታ ከሚመታ 150 ቢበልጥ አይደንቅም።

ኳሷም ድርሻ አላት። በራንጂ የሚጫወቱት ሜሩት ከተማ በሚሠራው ኤስጂ ኳስ ነው፤ ክብደቷ ከ155.9 እስከ 163 ግራም፣ ስፌቷ በእጅ የተሰፋና ጎላ ያለ። ከ80 ኦቨር በኋላ የወርዋሪዎቹ አምበል አዲስ ኳስ መጠየቅ ይችላል። ብዙ ዊኬት የሚረግፈው ከዚያ በኋላ ባሉት ጥቂት ኦቨሮች ስለሆነ፣ የጨዋታ ውጤት ስትዘግቡ ዊኬቱ የወደቀው በስንተኛው ኦቨር እንደሆነ ብትጨምሩ አንባቢው ብዙ ነገር ይረዳል።

ሌላው ምድብ ነው። በ2018-19 ዘጠኝ አዳዲስ ቡድኖች ሲገቡ አብዛኞቹ የሰሜን ምሥራቅ ክልሎች ነበሩ፤ ሁሉም ፕሌት በሚባለው ታችኛ ምድብ ተመደቡ። በዚያ ዓመት የቢሃሩ አሹቶሽ አማን 68 ዊኬት ወስዶ ቢሻን ሲንግ ቤዲ በ1974-75 የያዘውን የ64 ክብረ ወሰን ሰበረ። በ2024-25 የቪዳርባው ሃርሽ ዱቤ 69 ወሰደ። በቁጥር ልዩነታቸው አንድ ዊኬት ነው። አማን ግን የወረወረው ለአብዛኛው ገና ለውድድሩ አዲስ በሆኑ መቺዎች ላይ ነው፤ ዱቤ በላይኛው ምድብ እስከ ፍጻሜው ድረስ ወርውሯል። የአማንን ሥራ ማቃለሌ አይደለም፤ ምድቡን ሳይጽፉ ሁለቱን ጎን ለጎን ማቆም ግን ትክክል አይደለም። እንዲሁም በ2016-17 የራንጂ ጨዋታዎች በሙሉ በገለልተኛ ሜዳ ነበር የተደረጉት፤ የዚያን ዓመት ቁጥር «በሜዳው ያገኘው» ብሎ የሚቆጥር ይሳሳታል።

አማካይ የምታሰሉበትም መንገድ መታረም አለበት። የመቺ አማካይ የሚገኘው የመታውን ራን በወጣበት ጊዜ ብዛት በማካፈል ነው፤ በተጫወተው ኢኒንግ ብዛት አይደለም። አሥር ጊዜ መትቶ 420 ራን የሰበሰበ፣ ከእነዚህ ሦስቱን ሳይወጣ የጨረሰ ሰው አማካዩ 60 ነው፤ እናንተ እንዳሰላችሁት 42 አይደለም። የአራትና የአምስት ቀኑን፣ የ50 ኦቨሩንና የ20 ኦቨሩን ጨዋታ ደምራችሁም አንድ ቁጥር አታውጡ፤ ሦስቱ ለየብቻ ነው የሚያዙት። የወርዋሪ ውጤት 18-4-52-3 ተብሎ ሲጻፍ 18 ኦቨር ወርውሮ፣ በአራቱ አንድም ራን ሳይሰጥ፣ በጠቅላላው 52 ሰጥቶ ሦስት ሰው አስወጣ ማለት ነው።

«አልተመረጠም» ወደሚለው እንመለስ። ራጂንደር ጎየል በራንጂ 637 ዊኬት ወስዷል፤ በውድድሩ ታሪክ የሚስተካከለው የለም። ፓድማካር ሺቫልካር ለሙምባይ እየወረወረ በአንደኛ ደረጃ ክሪኬት (ራንጂን ጨምሮ በብዙ ቀን ጨዋታዎች) 589 ወስዷል። ሁለቱም ግራ እጅ ስፒን ወርዋሪዎች ናቸው፤ ሁለቱም አንድም ቴስት አልተጫወቱም። ምክንያቱ ድክመት አይደለም። በዚያው ዘመን፣ በዚያው እጅ፣ በዚያው ዓይነት ውርወራ ቤዲ ነበር፤ 67 ቴስት ተጫውቶ 266 ዊኬት የወሰደ። አንድ ቡድን ሁለት አንድ ዓይነት ወርዋሪ አያሰልፍም። በ1974 ቤዲ ከቤንጋሉሩ ቴስት ሲታገድ ጎየል ተጠራ፤ በጨዋታው ጠዋት ግን ከአሥራ አንዱ ውጭ ሆነ።

አሞል ሙዙምዳር በ1993-94 ለሙምባይ በመጀመሪያ ጨዋታው 260 መታ። ከ11,000 በላይ የአንደኛ ደረጃ ራን ይዞ ጫማ ሰቀለ፤ የሕንድ ማልያ አልለበሰም፤ በመካከለኛው የመምቻ ተራ ቴንዱልካር፣ ድራቪድ፣ ጋንጉሊና ላክስማን ነበሩ። በ2025 የሕንድ ሴቶች ቡድን የዓለም ዋንጫን ሲያነሣ አሰልጣኙ እሱ ነው። ብሃውሳሄብ ኒምባልካር በ1948 ለማሃራሽትራ ፑኔ ላይ 443 ደርሶ ገና አልወጣም ነበር፤ የዶን ብራድማን የዓለም ክብረ ወሰን 452 ነበር። የካትያዋር አምበል ጨዋታውን ትቶ ቡድኑን ይዞ ወጣና ዘጠኙ ራን ሳይመታ ቀረ። እሱም ቴስት አልተጫወተም። ጃይዴቭ ኡናድካት ደግሞ የተገላቢጦሹ ነው፦ በ2010 አንድ ቴስት ተጫውቶ ተረሳ፤ በ2019-20 ለሳውራሽትራ በአንድ ዘመን 67 ዊኬት ወስዶ ዋንጫውን አስገኘ፤ ሁለተኛ ቴስቱን ያገኘው ከ12 ዓመት በኋላ፣ በ2022 ነው።

ስለ ስም አንድ ነገር። ራቪቻንድራን አሽዊን ላይ «ራቪቻንድራን ሦስት ዊኬት ወሰደ» ብላችኋል። ራቪቻንድራን አባቱ ነው፤ የተጫዋቹ ስም አሽዊን ነው። በታሚል ናዱ የአባት ስም ብዙ ጊዜ ይቀድማል። በሙምባይ በኩል ሳቺን ራሜሽ ቴንዱልካር ሲባል የራስ፣ የአባት፣ የቤተሰብ ስም በቅደም ተከተል ነው። አንድ ደንብ ለሁሉም አይሠራምና ተጫዋቹ በውጤት ሰሌዳ ላይ የሚጠራበትን ስም ያዙ።

ለሚቀጥለው እትም የምጠይቀው በየስሙ ሥር ሦስት መስመር ብቻ ነው። ለምሳሌ እንዲህ፦

ራጂንደር ጎየል፤ ግራ እጅ ስፒን። ቡድኖቹ፦ ፓቲያላ፣ ሳውዘርን ፑንጃብ፣ ዴልሂ፣ ሃርያና።
በራንጂ 637 ዊኬት፤ በአንደኛ ደረጃ ክሪኬት በጠቅላላው 750።
ቴስት፦ የለም። በ1974 ለቤንጋሉሩ ተጠርቶ አልተሰለፈም፤ የዘመኑ ተቀዳሚ ተመራጭ ቤዲ ነበር።

ከአክብሮት ጋር
የስፖርት ገጹ ተከታታይ፣ ባሕር ዳር